የማንን መኪና ነው የምታድሰው?

አማርኛችን የተበላሸን ነገር መልሶ ለማቆም ቃል አልቸገረውም። ልብስ ይጣፋል፣ ጫማ ይሰፋል፣ ወፍጮ ይወቀራል፣ ቢላ ይሞረዳል፣ ግድግዳ ይመረጋል፣ መጽሐፍ ይደጎሳል። መኪና ደግሞ ‹‹ይሠራል››። ‹‹ዛሬ መኪናዬን ሳሠራ ዋልኩ›› ብንል፣ ‹‹እንዴ! ፋብሪካ ከፈትክ እንዴ?›› ብሎ የሚጠይቀን የለም። ሁሉም ሰው ገብቶታል። ጋራዥ ተጎልተን፣ ዘይት የጠጣ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ‹‹አሁን አለቀ›› እየተባልን መዋላችን ነው።

ባልንጀራዬ አዳማ ግቢው ውስጥ ላለፉት ሦስት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያደርገውን ነገር ግን ከእነዚህ ቃላት በአንዱ ልጠራው ብሞክር አልገጥም አለኝ። መጠገን እንዳልለው፣ የተጠገነ መኪና ከሄደ በቃው፤ የእሱ ግን መሄዷ ብቻ አይበቃውም። ማደስ እንዳልለው፣ ማደስ አዲስ ማድረግ ነው። እሱ ደግሞ አዲስ እንድትሆንለት አይፈልግም። አዲስማ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሞልቷል። አሮጌ እንደሆነች፣ ግን በክብር እንድትቆም ነው ሐሳቡ። ለዚህ የሚሆን ግስ አጣሁ። ለጊዜው ‹‹ማደስ›› እያልን እንቀጥል፤ ቃሉ ላይ ያለኝን ቅሬታ ግን መዝግቡልኝ።

መኪናዋ ቮልስዋገን ካርማን ጊያ ትባላለች። ቮልስን የማያውቅ አንባቢ የለም ብዬ እገምታለሁ፤ ይቺ የቮልስ የአክስት ልጅ ናት። ቅርጿ የወጣው ጣሊያን ውስጥ ቱሪን ከተማ ከነበረው ጊያ ከተባለው የመኪና አካል ሠሪ ቤት ነው። አካሏን ጀርመን ኦስናብሩክ ከተማ የነበረው ካርማን ሠራው። ሞተሩንና ሻንሲውን ቮልስዋገን ሰጠ። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት ከ400 ሺህ በላይ ተመርታለች። ቅርጿን በትክክል ማን እንደነደፈው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሉዊጂ ሴግሬ የሚሉ አሉ፣ ማሪዮ ቦአኖ የሚሉ አሉ፣ ‹‹ሐሳቡ የአሜሪካዊው የቨርጂል ኤክስነር ነው፤ ከእሱ ነው የተወሰደው›› የሚሉም አሉ። ዓመታት ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር ለኖረ እንደኔ ላለ ሰው፣ ደራሲው የሚያከራክር ሥራ ማግኘት ትንሽ ደስታ አይደለም።

ያያት ሁሉ ‹‹ስፖርት መኪና›› ይላታል። አፍንጫዋ ሾል ያለ፣ ጣራዋ ዝቅ ያለ፣ ጎኗ እንደ ወንዝ ድንጋይ የለሰለሰ ነው። የፊት ኮፈኗን ከፍተው ሞተር ሲፈልጉ የቤንዚን ታንከርና ቅያሪ ጎማ ያገኛሉ። ሞተሩ ኋላ ነው፤ እሱም ያው የቮልስ ሞተር ነው። የባልንጀራዬ እ.ኤ.አ. የ1964 ሥሪት በመሆኗ 1200 ሲሲ፣ 34 የፈረስ ጉልበት ናት። በአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ብትወጣ ዱባይ የተሰናበተው ሚኒባስ ጥሩምባ እየነፋ ያልፋታል። የስፖርት ልብስ የለበሰች ቮልስ ብትሏት አታጋንኑም። ይህን ስል ግን መናቄ አይደለም። ፖርሽ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያዋን 356 የሠራው በቮልስ ዕቃ ነው። ዛሬ ስሙ ሲጠራ ኪስ የሚያስደነግጠው ስፖርት መኪና የተወለደው ከዚችው ከደሀዋ ቮልስ ማኅፀን ነው።

ለኛ አገር ሰው የዚች መኪና ነገር ግማሽ በረከት ግማሽ ፈተና ነው። በረከቱ ሞተሯ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ተመርቷል፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣች። ስለዚህ ፒስተን፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን ይገኛል፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ትዕግሥት ያለው ሰው አያጣም። ሞተሩን የሚያስሩት አራት ቡሎኖች ብቻ ናቸው፤ እነሱን ፈትቶ ሁለት ሰው ከጃክ ጋር ያወርደዋል። ፈተናው አካሏ ነው። የቮልስ ፓራፋንጎ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ሲጎዳ ፈትቶ መቀየር ይቻላል። የዚች ግን ላሜራው እርስ በርሱ ተበይዶ፣ መጋጠሚያው እንደ እርሳስ በሚቀልጥ ብረት ተሞልቶ፣ በእጅ ተሞርዶ የተስተካከለ ነው። አፍንጫዋ አንድ ጊዜ ከተመታ የሚቀየር ነገር የለም። መዶሻና ዓይን ያለው ሰው ብቻ ነው መፍትሔው።

መኪናዋ ወደዚህ ቤት እንዴት መጣች? የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ያቋቋመው ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው፤ ማምረት የጀመረውም በ1946 ዓ.ም. ነበር። የባልንጀራዬ አባት ፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ሒሳብ ያዥ ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካው ሲወረስ፣ አገር ለቆ የሚሄድ አንድ ሆላንዳዊ መሐንዲስ ይችን መኪና በጥቂት ብር፣ ያውም ተከፋፍሎ በሚከፈል ብር፣ ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። ቀይ ነበረች። ደማቅ ቀይ።

ጊዜውን አስቡት። ቀይ የአብዮቱ ቀለም ነው፤ አደባባዩ፣ መፈክሩ፣ ባንዲራው ሁሉ ቀይ ነው። ሁለት በር ያላት ቀይ መኪና ግን አብዮተኛ አትባልም። ሒሳብ ያዡ ሰውዬ በዚያች መኪና ቀበሌ ደጃፍ ቢያልፉ ‹‹ቡርዣ›› የሚለውን ቅጽል ለማግኘት ማመልከቻ አያስፈልጋቸውም። መኪናዋ ግቢ በገባች በማግስቱ ቀለም ቀቢ ተጠርቶ አመድማ አደረጋት። ባልንጀራዬ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ ቀይ ሆና አይቷታል። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ምናምን ዓመት እኛ የሰፈር ልጆች የምናውቃት አመድማዋን ነው። ባትሪዋ 6 ቮልት ስለነበር ጠዋት ጠዋት በቁልፍ አትነሳም። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን እኛ ነበርን ነዳጇ፤ እየገፋን እናስነሳታለን። አባትየው መስኮቱን ዝቅ አድርገው ‹‹ተባረኩ ልጆቼ›› ይሉና ጭስ አቅምሰውን ይሄዳሉ። እሳቸው ካረፉ በኋላ መኪናዋ ኒሙ ዛፍ ሥር ሸራ ለብሳ ቆመች። ዶሮ እንቁላል ጣለችባት። ዓመታት አለፉ።

ባልንጀራዬ ጡረታ ሲወጣ ሸራውን ገለጠ። ሥራው እንዴት እንደሚጀመር ለማያውቅ ልንገር። መጀመሪያ የሚያስፈልገው መፍቻ አይደለም፤ ባዶ ጣሳ ነው። እያንዳንዱ ቡሎን፣ እያንዳንዱ ዳዶ ከየት እንደወጣ ተጽፎበት በቲማቲም ድልህ ጣሳ ይቀመጣል። ከዚያ የበሩ ክፍተት ላይ ብረት ይበየዳል። ምክንያቱም ወለሉ በዝገት ተበልቶ ሲቆረጥ አካሉ እንደ ደከመ ሰው ወገቡ ይጎብጣል፤ በሩም ከዚያ ወዲያ አይገጥምም። ከኋላ ወንበሩ ሥር፣ ሻንሲው ጀርባ አጥንት ላይ የተመታው ቁጥር ተፍቆ ይነበባል። የብራና መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ስሙን ጽፎ ‹‹ስሕተት ብታገኙ ይቅር በሉኝ›› የሚልበት ቦታ አለ አይደል? ይህ ቁጥር ልክ እንደዚያ ነው፤ ይቅርታ ግን አይጠይቅም።

ሥራውን የሚመሩት ሽማግሌ ባትላሜራ ናቸው፤ ‹‹ጋሼ›› ነው የምንላቸው። ጥርሳቸው የወንጂን ውሃ እየጠጡ ማደጋቸውን ይመሰክራል። አባትየው በሕይወት ሳሉም መኪናዋን የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ሲናገሩ መስማት ለኔ አንድ ሴሚስተር ኮርስ ነው። ‹‹ማርሚታውን ፍታ፣ ፍሪሲዮኑን አውርድ፣ ኩሽኔታው በልቷል፣ ቺንጋው ላልቷል፣ ካቻቢቴውን አቀብለኝ…›› መኪናዋ የጀርመን፣ ስሞቹ የጣሊያን፣ ግሱ የአማርኛ፣ ስድቡ የኦሮምኛ። ከአምስቱ የጠላት ዘመን የተረፉልን ቃላት ሐውልት ላይ አልተጻፉም። ዘይት በነካው እጅ ውስጥ ነው የኖሩት። መዝገበ ቃላት አዘጋጆቻችን ጋራዥ ገብተው ቢያውቁ ኖሮ ስንት ገጽ ባተረፉ ነበር።

አሁን ሞጆን ልጥራ። የባልንጀራዬ ታናሽ እህት ሠላሳ ዓመት ከኖረችበት ከጀርመን ጠቅልላ ስትመለስ የቤት ዕቃዋን በኮንቴይነር ላከች። ከአልጋና ከቁም ሳጥኑ ጋር አንድ የእንጨት ሳጥን ጨመረችበት፦ የመስታወት ጎማ፣ የበር ጎማ፣ አንድ ፓራውልት፣ ሁለት አዲስ የወለል ላሜራ። ጀርመን አገር ለነዚህ አሮጌ መኪኖች ዛሬም አዲስ ዕቃ የሚያመርቱ ሱቆች አሉ። ዕቃው ጅቡቲ ደርሶ፣ ከጅቡቲ ሞጆ ገብቶ ነበርና፣ ከወንድምና ከእህቱ ጋር እኔም ላየው ሄድኩ።

ሞጆን ድሮ የምናውቃት በባቡር ጣቢያዋ፣ በቆዳ ፋብሪካዋና ወደ ሐዋሳ በሚገነጠለው መንገዷ ነበር። ዛሬ ሞጆ ወደብ ናት። ባሕር የሌላት፣ መልሕቅ የማይጣልባት ወደብ! ኮንቴይነሩ እንደ ኮንዶሚኒየም ተደራርቦ ሰማይ ይነካል። በክሬኑና በከባድ መኪናው መካከል ሰው ጉንዳን ያክላል። ከውጭ የሚገባው የአገራችን ዕቃ አብዛኛው በዚህ በኩል ያልፋል። አንድ ጥግ ላይ ነጭ ፕላስቲክ የለበሱ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተደርድረዋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን በከባድ ታክስ ገፍቷቸው ነበር። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ምክንያቱ አይጠፋኝም። እዚያ ቆሜ የታየኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከእንግዲህ በዚህ በር የባልንጀራዬ ዓይነት መኪና አይገባም። አገር ውስጥ ያለው ያው ያለው ነው። ከጠፋ ጠፋ።

ሳጥኑን ያየው የጉምሩክ ወጣት በጣም ጨዋ ልጅ ነው። የወለሉን ላሜራ አገላብጦ አየና ‹‹አባቴ፣ የምን መኪና ነው?›› አለኝ። ‹‹የቮልስ›› አልኩት። ‹‹ቮልስ አሁንም አለ እንዴ?›› አለና ሳቀ። ‹‹ስልሳ ዓመቷ ነው፤ እንደ ጥንታዊ ዕቃ አትቆጠርም?›› ብዬ ቀለድኩ። ቀልዱ ግን ቁም ነገር አለው። አገሮች በሚሠሩበት የጉምሩክ ታሪፍ አመዳደብ አንድ ዕቃ ‹‹ጥንታዊ›› በሚለው አንቀጽ ለመግባት ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ መሆን አለበት። ስልሳ ዓመት እንግዲህ ለመኪና አርጅቷል፣ ለቅርስ ገና ልጅ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመት ለሞላው ሰው ይህ አንቀጽ ብዙ ይነግረዋል።

ዕቃው አዳማ ገባ፤ ጭቅጭቁም አብሮ ገባ።

ጋሼ የሾፌሩን ወለል ምንጣፍ ሲያነሱ አንድ ጥፍ ላሜራ አገኙ። የዘይት በርሜል ተቆርጦ የተጣፈ ነው፤ የበርሜሉ ቢጫ ፊደላት ግማሽ ግማሻቸው ዛሬም ይነበባሉ። ሽማግሌው ተንበርክከው እጃቸውን አሳለፉበትና በሳቅ ፈነዱ። ‹‹እኔ ነኝ እኮ! ሁለት ቀን ሙሉ በርሜል ፍለጋ ዞሬ!›› አሉ። መለዋወጫ በማይገኝበት በዚያ ዘመን የሠሩት ሥራ ነው። ባልንጀራዬ ከጀርመን የመጣውን አዲስ ላሜራ ይዞ ቆሟል። ‹‹ጋሼ፣ ይሄ ይውጣ፤ ትክክለኛው መጥቷል›› አላቸው። እሳቸው መዶሻቸውን አንስተው ጥፉን ቀጭ ቀጭ አደረጉት፤ ጤነኛ ድምፅ ሰጠ። ‹‹ትክክለኛው የቱ ነው ልጄ? ይሄ ያመጣኸው አምና የተሠራ ነው። የኔው አባትህን አርባ ዓመት ተሸክሟል›› አሉት።

መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። ማስተማር ላይ ሳለሁ ተማሪዎቼን ከማስጨንቅባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፦ አንድ የብራና ጽሑፍ አምስት ጸሐፊዎች እየገለበጡት፣ እያንዳንዱ ቃል እየጨመረና እየጣለ ቢደርሰን፣ ‹‹ትክክለኛው›› ጽሑፍ የቱ ነው? ከደራሲው እጅ የወጣውና ማናችንም ያላየነው? ወይስ ትውልድ ሲያነበው፣ ሲጸልይበት የኖረው? መልሱን በፈተና ወረቀት ላይ ማረም ቀላል ነው። ወለል ላይ ተንበርክከው በርሜል የሚደበድቡ ሰው ሲጠይቁህ ይከብዳል።

የባሰው ግን ቀለሙ ላይ መጣ። በብርጭቆ ወረቀት ጎኗን ሲፍቁት ንብርብሩ እንደ ሽንኩርት ተገለጠ፦ ከላይ በኋለኞቹ ዓመታት የተቀባችው ነጭ፣ ከሥሩ አመድማው፣ ከሁሉም ሥር ያ ደማቅ ቀይ። ባልንጀራዬ ጣቱን ቀዩ ላይ አድርጎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ‹‹ቀይ ትሆናለች›› አለ። በዚያ ሳምንት አንድ ደላላ የሰርግ መኪና የሚያከራይ ሰው ይዞ መጣ። ሰውየው መኪናዋን ዞሮ አየና ‹‹ቀይ ካደረጋችኋት አሁኑኑ እገዛችኋለሁ። ሙሽራ እንዲህ ያለች ነገር ታብዳለች›› አለ። የጠራው ዋጋ ለጡረተኛ ሰው ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የባልንጀራዬ ባለቤት ቡና እያቀረበች ‹‹ጆሮዬ ነው ወይስ እውነት ነው?›› ብላ ዋጋውን አስደገመችው። ሦስት ዓመት ሙሉ የቤቱን ብር ኒም ዛፍ ሥር ሲፈስ ያየች ሴት ናት፤ አልፈርድባትም።

እህትየው ዝም ብላ ነበር። እሷ የተወለደችው መኪናዋ አመድማ ከሆነች በኋላ ነው። ደላላው ሲሄድ ወንድሟን እንዲህ አለችው፦ ‹‹አባባ አንድም ቀን በቀይ መኪና ሄዶ አያውቅም። በሰላም ወጥቶ በሰላም እንዲገባ ብሎ ነው አመድማ ያስቀባት። እኔን ከትምህርት ቤት ያመጣኝ በአመድማዋ ነው፤ እናታችንን ሐኪም ቤት የወሰዳት በአመድማዋ ነው። የማንን መኪና ነው የምታድሰው? የአባባን ነው ወይስ የሆላንዱን?››

ግቢው ፀጥ አለ። ዶሮዋ ብቻ ነበረች የምትናገረው።

ወንድምየው ዝም ብሎ አልተሸነፈም። ‹‹አባባ ፈርቶ ነው የቀባት። ፍርሃቱን ነው የምናድሰው?›› አለ። ይህም ቀላል ጥያቄ አይደለም። አገሩ ሁሉ አንድ ሰሞን አመድማ ለብሶ፣ አንገቱን ሰብሮ ያለፈበት ጊዜ ነበር። ያን ልብስ አውልቀን ከሥሩ ያለውን ቀይ ብናወጣ ነፃነት ነው? ወይስ የለበሰውን ሰው መካድ ነው? ለሁለቱም የሚከራከር ሰው አለ። በዚያች ግቢ ውስጥ ሁለቱም ተከራካሪዎች የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

ይህ ጥያቄ ከኛ በፊት ሌሎችን አስጨንቋል። እ.ኤ.አ. በ1964፣ ማለትም ይችው መኪና በተሠራችበት ዓመት፣ የዓለም የቅርስ ባለሙያዎች ቬኒስ ላይ ተሰብስበው የሕንፃ ቅርስ እንዴት ይታደስ በሚለው ላይ አንድ ሰነድ አጽድቀው ነበር። የሰነዱ መንፈስ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ግምት በሚጀምርበት ቦታ እድሳት ይቁም፤ ሕንፃው ላይ እያንዳንዱ ዘመን በወጉ የጨመረው ነገር ይከበር፤ የተተካው ክፍል ከነባሩ ጋር ይስማማ፣ ግን የተተካ መሆኑ ይታወቅ። የአሮጌ መኪና ወዳጆችም ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አላቸው፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላውንና በነበረበት ሁኔታ የተጠበቀውን መኪና ታሪካዊ ይለዋል። እነሱም እ.ኤ.አ. በ2013 የቬኒሱን ሰነድ አርአያ አድርገው ‹‹የቱሪን ቻርተር›› የሚባል የራሳቸውን አወጡ። ቱሪን የጊያ ከተማ መሆኗን ልብ ይሏል። እዚያም ያለው ቁም ነገር ከዚህ አይርቅም፦ መኪና ከፋብሪካ የወጣበት ቀን ብቻ አይደለም ታሪኩ፤ የኖረውም ታሪኩ ነው።

ይህን ለባልንጀራዬ ያነበብኩለት እህቱን ደግፌ ለመፍረድ አይደለም። እውነቱን ለመናገር እኔ በዚያ ክርክር ውስጥ ገለልተኛ አይደለሁም። እኔም የገፋኋት አመድማዋን ነው። የሚገርመው ግን ክርክሩን የዘጋው ቻርተሩም እኔም አይደለንም፤ መኪናዋ ራሷ ናት። ያኔ የተጠራው ቀቢ ችኩል ነበር። ላይ ላዩን ቀብቶ፣ ብሩን ተቀብሎ ነው የሄደው። የበሩ መዝጊያ ሲከፈት፣ የሞተሩ ቤት ሲገለጥ፣ የዳሽቦርዱ ሥር ሲታይ ቀዩ እንዳለ ነው፤ ማንም አልነካውም። ጋሼ ባትሪ አብርተው አሳዩን። ‹‹እዚህ ቀይ ናት፤ እዚያ አመድማ ናት። እናንተ የተጣላችሁት መኪናዋ ባልተጣላችበት ነገር ነው›› አሉ።

እንግዲህ እንዲህ ተወሰነ። ውጯ አመድማ ሆነ፤ ቀለሙ ከንብርብሩ ላይ ተለክቶ ተቀመመ። ውስጥ ውስጡ ያለው ቀይ ሳይነካ ተጸዳ። የጋሼ በርሜል በቦታው ቀረ፤ የተሳፋሪው በኩል ግን ወንፊት ሆኖ ስለነበር የጀርመኑ ላሜራ ገባ። አንደኛው ላሜራ አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ባትሪው 12 ቮልት ሆነ። ይህን ያደረግነው ለመንገድ ስንል ነው፤ በ6 ቮልት መብራት በዚህ ዘመን ሌሊት መውጣት በኩራዝ እንደመውጣት ነው። የቀለጠ ብረት የመሙላቱን ሥራ ጋሼ በስቱኮ አልለውጥም አሉ፤ አፍንጫዋን ብቻ ሠርተው ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጀባቸው። ፈረንጅ ዳኛ ቢያያት ነጥብ ይቀንስባት ይሆናል። የሰርግ አከራዩም ስልክ መደወሉን ትቷል። የቤቱ እመቤት ግን ባሏን አሁን በሌላ ዓይን ነው የምታየው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ‹‹ቢያንስ ትንቀሳቀስ›› ነው የምትለው።

እኔን የሚያሳስበኝ መኪናዋ አይደለችም፤ እጁ ነው። ጋሼ ሰባውን አልፈዋል። ላሜራን ሳይሰነጥቁ የሚያለሰልሱበት ጥበብ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም፤ በእጃቸው ውስጥ ነው ያለው። አጠገባቸው አንድ ወጣት ረዳት አለ። በሳምንቱ ቀናት ኮሌጅ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ይማራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ይመጣል። መጀመሪያ የመጣው ለቀን አበሉ ነበር። ሞጆ ላይ ያየኋቸው ነጫጭ መኪኖች የእሱ እንጀራ ናቸው፤ እሰየው! ባትሪያቸውን፣ ሶፍትዌራቸውን እሱ ይወቅልን። ግን እነሱም ያረጃሉ። የዛሬ አርባ ዓመት አንዱን በር ከፍቶ ‹‹አባባ በዚህች ነው ከትምህርት ቤት ያመጣኝ›› የሚል ልጅ ይመጣል። ያን ጊዜ ልጁ የሚፈልገው ሻጭ አይደለም፤ የሚሠራለት ሰው ነው። እሱን ሰው ከአሁኑ ካላሰናዳነው ወደብ ቢበዛልን ምን ይፈይድልናል? የሚገባው ዕቃ ብቻ ከሆነና የሚያኖረው እጅ ከሌለ፣ አገር ማለት ዕቃ ሲያልፍበት የሚውል በር ይሆናል።

ባለፈው ቅዳሜ የግራው በር ውስጥ የቀረችውን ትንሽ ብየዳ የሠራው ያ ወጣት ነው፤ የመጀመሪያ ሥራው ናት። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩለት። አልመሰገኑትም፤ አልተሳደቡም። በሳቸው ቤት ይህ ማለፊያ ነጥብ ነው። የበሩ ሽፋን ከመገጠሙ በፊት ልጁ አፈር እያለ ‹‹ጋሼ፣ ውስጡ ላይ ስሜን ብጽፍ ይከፋዎታል?›› አላቸው።

ሽማግሌው ኪሳቸው ውስጥ የነበረችውን ጠመኔ ጣሉና የብረት መጫሪያ አቀበሉት።

‹‹ጻፍ! ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፍ። ነገ የሚከፍተው ሰው ማንን እንደሚሰድብ ይወቅ።››